ከጦር ሰፈር የወጣ ዜማ፤ በአገራችንና በኮርያ

ከትምህርት ቤታችን ልጆች መካከል የኮርያን ዘፈን በቃሉ የሚያወርድ ብዙ ነው። ነርሲስ ናልባንዲያን ማን እንደ ነበሩ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ለቡ ውስጥ ሙዚቃ ቤት የሚባል ሰፈር ያለን እኛ፥ የዘመናዊ ሙዚቃችንን አመጣጥ ከኮርያው ጋር አስተያይተን ልናቀርብ ወደድን።

በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ፥ በቱርክ ምድር ከደረሰው እልቂት የተረፉ 40 የአርመን ልጆች የነሐስ መሣሪያ ሲነፉ ሰሙ። ሙዚቃቸውም ደስ ስላሰኛቸው ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። አርባ ልጆች የሚባሉት እነዚህ ናቸው። መሪያቸው ሙሴ ኬቮርክ ናልባንዲያን በ1923 ዓ.ም. በዘውድ በዓል የተሰማውን የሕዝብ መዝሙር ዜማ ደረሱ፤ ግጥሙ የዮፍታሔ ንጉሤ ነው። የወንድማቸው ልጅ ሙሴ ነርሲስ ደግሞ በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር የአገራችንን ዜማ ለኦርኬስትራ አስማምተው ይጽፉ ነበር። ትዝታና ባቲ፥ አምባሰልና አንቺ ሆዬ አምስት አምስት ድምፅ ብቻ ያላቸው ናቸውና፥ በብዙ መሣሪያ ሲነፉ መልካቸውን እንዳያጡ መጠበቅ ቀላል ሥራ አይደለም።

ጥላሁን ገሠሠን የመሰለ ድምፃዊ ያቀፈው ክብር ዘበኛ፥ በ1943 ዓ.ም. የቃኘውን ሻለቃ ወደ ኮርያ የላከው ጦር ነው። ኮርያ ውስጥም በጦርነቱ የተጎሳቆሉ ሙዚቀኞች ለእንጀራቸው ሲሉ በአሜሪካ ጦር ሰፈር ክበቦች ይጫወቱ ነበር። ከዚያ የተነሡት የኪም እኅትማማቾች በ1951 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ተሻገሩ። እንግዲህ የሁለቱም አገር ዘመናዊ ዘፈን በወታደር ቤት ጥላ ሥር አደገ ቢባል ሐሰት አይሆንም።

በአገራችን ሸክላ የማሳተም መብት ለአገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ ነበር። አቶ አምሃ እሸቴ ግን ገና ወጣት ሳሉ በ1961 ዓ.ም. ደፍረው የራሳቸውን ድርጅት አቋቋሙ። በዓለማየሁ እሸቴ ዘፈን ጀምረው በጥቂት ዓመታት ከ100 በላይ ሸክላ ውጭ አገር እያሳተሙ አወጡ። በእንግሊዝና በአሜሪካ የተማሩት ሙላቱ አስታጥቄም ኢትዮ ጃዝን ያሰሙት በዚሁ ዘመን ነው።

ደርግ ሲመጣ የሌሊቱ ጭፈራ በሰዓት እላፊ ተቋረጠ፤ አቶ አምሃም በ1967 ዓ.ም. አገር ለቀው ሄዱ። የሚገርመው፥ በዚያው ዘመን የኮርያም መንግሥት ብዙ ዘፈኖችን ማገዱና ሺን ጁንግ ሂዮን የተባለውን ዕውቅ ጊታረኛ ማሰሩ ነው። ሰዓት እላፊውም እዚያ እስከ 1974 ዓ.ም. ነበረ። መንገዳቸው የተለያየው ከዚያ በኋላ ነው።

ኮርያ ውስጥ ሶ ታይጂና ባልንጀሮቹ በ1984 ዓ.ም. ራፕን በአገራቸው ቋንቋ አሰሙ። ቀጥሎም ኩባንያዎች ወጣቶችን እየመለመሉ ለዓመታት ዘፈንና ጭፈራ ያስተምሩ ጀመር። ጋንግናም ስታይል በ2004 ዓ.ም. ወጥቶ ዓለምን አዳረሰ፤ በነሐሴ 2012 ዓ.ም. ቢቲኤስ በአሜሪካ የዘፈኖች ሰንጠረዥ አንደኛ ሆነ።

የእኛን ሙዚቃ ለዓለም ጆሮ ያደረሱት ግን አሮጌዎቹ ሸክላዎች ናቸው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባሉ ፈረንሳዊ ሰብስበው ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ ኢትዮፒክስ በሚል ስም በፈረንሳይ አሳተሟቸው። እኝህን ሰው ልናመሰግን ይገባል፤ ሆኖም ሥራው በአገር ልጅ እጅ ቢጀመር በወደድን ነበር። የሙላቱ ዜማ በ1997 ዓ.ም. ብሮክን ፍላወርስ በተባለው የአሜሪካ ፊልም ተሰማ። እሳቸውም ስድሳ ዓመት ካለፋቸው በኋላ፥ በ2001 ዓ.ም. ከለንደን ሙዚቀኞች ጋር አዲስ አልበም አወጡ።