ዳሞታን ስንወጣ የምንረሳው

ወላይታ ሶዶ እንሂድ ስንባባል ሁላችንም አፍ ላይ ቶሎ የሚመጣው ያው ነው፤ ጥሬ ሥጋ በዳጣ፣ የጊፋታ ጭፈራ፣ የዳሞታ ነፋስ፣ አጃንቾና ሶኬ ወንዞች ጎን ለጎን የሚወረወሩበት አጆራ ፏፏቴ። ማን ይጠላል? ከአዲስ አበባ በሆሳዕና በኩል 330 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የደረሰ ሰው ይብላ፣ ይዝናና። ግን ታሪክ እናጠናለን የምንል ተማሪዎች በልተንና ጨፍረን ብቻ ብንመለስ ያስተዛዝባል።

ከዳሞታ እንጀምር። ተራራው ከሶዶ ራስጌ ወደ 2,900 ሜትር ከፍታ ይዘልቃል። በጎኑ ላይ ሞቼና ቦራጎ የሚባል ዋሻ አለ። ተመራማሪዎች እዚያ ቆፍረው ያገኟቸው የባልጩት መሣሪያዎች ከ40,000 ዓመት በላይ ዕድሜ አላቸው። እኛ ለሽርሽር ብለን የምናለከልክበትን ዳገት ሌሎች ቤቴ ብለው ኖረውበታል ማለት ነው።

ወደ ቅርቡ ዘመን እንምጣ። ወላይታ «ካዎ» በሚባሉ ነገሥታት የሚተዳደር አገር ነበር። የመጨረሻው ካዎ ጦና ጋጋ ናቸው። በ1887 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ራሳቸው ጦር መርተው ዘመቱ፤ ካዎ ጦናም ቆስለው ተማረኩ። ከዘማቹ ጋር የሄደው ፈረንሳዊ ቫንደርሄም ስለ እልቂቱ፣ ስለ ምርኮኛውና ስለተነዳው ከብት ያየውን ጽፎ አሳትሟል። ይህ የሆነው ከዐድዋ ድል በፊት፣ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላ ነው። ዐድዋን በቃላችን እንወጣለን፤ ይህንንስ ስንቶቻችን ሰምተናል? ሕዝቡ ራሱን ወላይታ እያለ፣ እስከ 1966ቱ አብዮት ድረስ በመንግሥት መዝገብ «ወላሞ» መባሉንስ?

በኳስ ሜዳ እንኳ ስማቸው አለ። በ2010 ዓ.ም. የግብፁን ዛማሌክ ከአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ያስወጣውን ወላይታ ድቻን ደጋፊው «የጦና ንቦች» ይለዋል። ስሙን አብረን እንጮኻለን፤ ጦና ማን ናቸው ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ጊፋታም ቢሆን የጭፈራ ቀን ብቻ አይደለም። የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው፤ የአገሩ አዋቂዎች የጨረቃን ዑደት ቆጥረው በመስከረም አጋማሽ በሚውል እሑድ ያስገቡታል። ዙፋኑ ሲቀር ቆጠራው አልቀረም። ከበዓሉ በፊት ደግሞ የተጣላ ይታረቃል፤ ቂም ይዞ አዲስ ዓመት መግባት ነውር ነው።

ለእኛም ትምህርቱ እዚህ ላይ ነው። ሽማግሌ ፊት ቀርቦ የሆነውን ሳይናገር የሚታረቅ የለም። ያለፈውን ማንሳት ጠብ መጫር ነው የሚሉን አሉ፤ የወላይታ ሽማግሌዎች ወግ የሚለው ሌላ ነው።

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ሶዶ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ርእሰ መስተዳድር መቀመጫ ሆናለች፤ እንግዳዋም መብዛቱ አይቀርም። በመጪው መስከረም የምትሄዱ ጓደኞቻችን፣ ዳጣውን ብሉ፣ ዳሞታንም ውጡ። ከዚያ አንድ አዛውንት አጠገብ ቁጭ ብላችሁ ስለ ካዎ ጦና ጠይቁ፤ የሰማችሁትንም ጽፋችሁ አምጡልን።