ፕላዝማው ሳይመጣ

በየመምህራን ሥልጠናው «የቡድን ሥራ»፣ «በጥልቀት ማሰብ» እንደ አዲስ ግኝት ሲነገር አባቴ ትዝ ይሉኛል። ቅኔ የተማሩት እዚሁ ጎጃም፣ ዋሸራ ነው። ተማሪው ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ይጀምራል። ቀን ዛፍ ሥር ወይም ወንዝ ዳር ብቻውን ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል፤ ከዚያ የኔታ ፊት ቆሞ ይነግራል። ይታረማል፤ ባልንጀሮቹም ሰሙንና ወርቁን ይመረምሩበታል። የሌላውን ቅኔ የራስ አስመስሎ ማቅረብ ነውር ነው። ጀማሪውን የሚያቃናው ደግሞ ብዙ ጊዜ ቀድሞት የገባው ተማሪ ነው። አባቴ የቅኔው መንገድ የተገለጠላቸው ከአንድ ጓደኛቸው ጋር አኩፋዳ ይዘው ለቀለብ ልመና ሲዞሩ እንደነበር ያጫውቱን ነበር። ለእኔ ይህ መማማር ከሰማሁት ሥልጠና ሁሉ ይበልጣል።

ጣናም የራሱ ማስተማሪያ ነበረው። ዘጌ ላይ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የገባ ሰው የመቅደሱ ግድግዳ በሥዕል ተሞልቶ ያገኘዋል፤ ፊደል ያልቆጠረውም ታሪኩን ከዚያ ያነብባል።

ወደ ዘመናዊው ትምህርት ስንመጣ፣ ባሕር ዳር ላይ በ1955 ፖሊ ቴክኒክ ተከፈተ፤ በ1960ዎቹ አጋማሽ ደግሞ በመንግሥት፣ በዩኔስኮና በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ትብብር የፔዳጎጂ አካዳሚ ተመሠረተ። ዛሬም ግቢውን «ፔዳ» የምንለው በዚያ ስም ነው። ዓላማው የአንደኛ ደረጃ ትምህርትን ከገጠሩ ኑሮ ጋር የሚያገናኙ ባለሙያዎችን ማፍራት ነበር። ትልቅ ሐሳብ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ አብዮቱ መጣ። ሁለቱ ተቋማት በ1992 ዩኒቨርሲቲ ሆኑ።

ፕላዝማው፣ በሳተላይት የሚተላለፈው የቴሌቪዥን ትምህርት፣ የመጣው በ1997 ገደማ ነው። ቤተ ሙከራ ለሌለው ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ ሙከራ በዓይን ማሳየቱን አደንቃለሁ። ግን ከሳተላይት በእንግሊዝኛ የሚመጣው መምህር ጥያቄ ጠይቆ፣ ጥቂት ሰከንድ ጠብቆ ያልፍ ነበር። ልጁ ቢሳሳት የሚሰማው አልነበረም፤ እኛ መምህራኑም ቴሌቪዥኑን ከፍተን የምንዘጋ ሆንን። የኔታ ቢሆኑ ተማሪያቸውን ሳይሰሙ አንድ ቃል አያልፉም ነበር።

አሁን የባዮሎጂ ተማሪዎቼ ጣናን ስለወረረው እምቦጭ በስልክ ቀርጸው ይመጣሉ። ፊልሙን እናያለን፤ ከዚያ ክርክሩ ይጀመራል። አንዱ ቡድን ማሽን ይሻላል ሲል፣ ሌላው የገበሬውን የእጅ ነቀላ ይዞ ይሞግታል። ባለፈው አንዲት ልጅ ተነሥታ «ከማሳው ታጥቦ ሐይቁ የሚገባው ማዳበሪያ ካልቆመ ሁለቱስ ምን ይሠራሉ?» አለች። ሁለቱም ቡድኖች ወደ እሷ ዞረው ማስረጃ ጠየቋት፤ እሷም ደብተሯን ገለጠች።