በሰው ንብረት ላይ ስለሚደርስ ጥፋት፤ ፍርዱና ካሣው

ከአራዳ ወደ መርካቶ የሚወርድ መንገደኛ በሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ ያልፋል። ድልድዩ ስሙን ያገኘው ከፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ነው። እኒህ መኰንን በልጅነታቸው በጦርነት ተማርከው በዳግማዊ ምኒልክ ቤት ያደጉ፣ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሲሾሙ የጦር ሚኒስትር የሆኑ፣ በ1919 ዓ.ም. ያረፉ ናቸው። ሕዝቡ ግን ከጦረኛነታቸው ይልቅ በፍርድ ዐዋቂነታቸው ያስታውሳቸዋል፤ የፈረስ ስማቸው «አባ መላ» መሆኑም ከዚሁ ጋር የተስማማ ነው። ከድልድዩ ማዶ ያለው ታላቅ ገበያ ደግሞ ኢጣልያኖች በወረራው ዘመን የአገሬውን ሰው ንግድ ከአራዳ ወደ ምዕራብ ባዛወሩ ጊዜ የተመሠረተ ነው። ሸክም ከሸክም በሚጋፋበት በእንዲህ ያለ ስፍራ ዕቃ መሰበሩ፣ እህል መፍሰሱ፣ በዚህም ጠብ መነሣቱ አይቀርም። ስለዚህ የዳኛው ስምና የገበያው ሙግት በተገናኙበት በዚህ ቦታ ቆመን አንድ ጥያቄ እናነሣለን፤ የሰው ንብረት ያጠፋ ሰው በአገራችን ምን ይፈረድበት ነበር? ፍርዱስ ለማን ይጠቅም ነበር?

በቀድሞው ሥርዐት የመብራቱና የመጋረጃው አዳራሽ የዳኝነት መጀመሪያ አልነበረም። ተበዳዩ በዳዩን «በሕግ አምላክ!» ብሎ ያስቆመዋል፤ ሁለቱም በመንገድ የሚያልፈውን ሽማግሌ ዳኛ ያደርጉታል። ነገሩ በዚያ ካላለቀ ዋስ እየጠሩ፣ ማር ወይም በቅሎ እየተወራረዱ፣ በየደረጃው ወዳለው ዳኛ ይወጣሉ። ዋስ ያጣ ተከሳሽ ከከሳሹ ጋር በቁራኛ ይታሰራል። ዳኛው ከመንግሥት ደመወዝ ስለማይቈረጥለት ገቢው ከተረታው ሰው ውርርድ ነበር። ይህ ልማድ ድኻውን ሙግት እንዲፈራ ማድረጉ ባይካድም፣ ክርክሩ በአደባባይ ሕዝብ እየሰማው ይካሄድ ስለ ነበረ ዳኛው ያለ ምክንያት ለመፍረድ አይደፍርም ነበር።

የሕጉ ምንጭ ሁለት ነው። አንደኛው ፍትሐ ነገሥት ነው። ይህ መጽሐፍ በ13ኛው መቶ ዓመት በግብፅ በኢብን አል ዓሳል በዐረብኛ ተዘጋጅቶ ኋላ ወደ ግዕዝ የተመለሰ ሲሆን፣ ካሉት 51 አንቀጾች 22ቱ ስለ መንፈሳዊ፣ 29ኙ ስለ ሥጋዊ ነገር ይናገራሉ። ሁለተኛው የየአገሩ ልማድ ነው። በሁለቱም ዘንድ የንብረት ጥፋት በመጀመሪያ በባለቤቱና በአጥፊው መካከል ያለ ዕዳ ነው፤ ዕዳውም የሚወርደው በካሣ ነው።

አጥፊው ባልታወቀ ጊዜ ግን ዕዳው ወደ አገሩ ሰው ሁሉ ይዞር ነበር። ቤት ወይም ክምር ሲቃጠል፣ ከብት ሲጠፋ፣ የአካባቢው ነዋሪ ተጠርቶ አፈርሳታ፣ በሌላውም አገር አውጫጭኝ የተባለው ሸንጎ ይቀመጣል። የቀረ ሰው ይቀጣል። ምስጢሩን የሚያውቀውም ስሙ ሳይገለጥ «ወፍ ነገረኝ» በሚል ዘዴ ያስታውቃል። አጥፊው ካልተገኘ የአገሩ ሰው አዋጥቶ ለተበዳዩ ይክሳል። በዚህ ሥርዐት ንጹሑ ከአጥፊው ጋር ይከፍላል፤ ገበሬውም በእርሻ ወራት ከሥራው ይፈታል። ሆኖም ተበዳዩ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ አይመለስም፤ ጎረቤትም የጎረቤቱን ንብረት እንደ ራሱ እንዲጠብቅ ይገደዳል።

በ1923 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ቅጣቱን በአንቀጽ ዘርዝሮ በመወሰን የዳኛውን ፈቃድ አጠበበ። ከነጻነት በኋላ፣ በ1934 ዓ.ም.፣ ፍርድ ቤቶች በዐዋጅ በደረጃ ተደራጁ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1947 የወጣው ዐዋጅ ደግሞ የአጥቢያ ዳኛን አቋቋመ። የአጥቢያው ዳኛ እስከ 25 ብር የሚደርስ የፍትሐ ብሔር ክርክር ያይ ነበር፤ በወንጀልም እስከ 15 ብር መቀጮ ይፈርድ ነበር። በዚህ ደረጃ የካሣውና የቅጣቱ ነገር ገና በአንድ ሰው እጅ ነበር ማለት ነው።

ታላቁ ለውጥ የመጣው በ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግና በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። የመጀመሪያውን ረቂቅ ያዘጋጁት የስዊስ ሊቅ ዣን ግራቨን፣ የሁለተኛውን የፈረንሳይ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ናቸው። ከዚያ ወዲህ አንዱ በደል በሁለት ተከፈለ። ሆን ብሎ የሰውን ንብረት ያበላሸ ሰው በመንግሥት ዘንድ ወንጀለኛ ነው፤ ተራው ጥፋት በተበዳዩ አቤቱታ ተከሶ በቀላል እሥራት ወይም በመቀጮ ይቀጣል፤ ሲከብድም ቅጣቱ ይከብዳል። እሳት መለኰስ በሕዝብ ላይ አደጋ ከሚያደርሱ ወንጀሎች ጋር ተመደበ። በቸልተኝነት የተሰበረ ዕቃ ግን ከተራው የንብረት ማበላሸት ወንጀል ወጥቶ ለፍትሐ ብሔር ዳኛ ቀረ። የፍትሐ ብሔሩ ሕግ እንስሳው ጉዳት ያደረሰበትን ባለቤት፣ እንስሳው በድንገት ያመለጠው እንኳ ቢሆን፣ ኀላፊ ያደርገዋል፤ ባለቤቱ ራሱ ካላጠፋ ግን እንስሳውን ለተጐዳው አስረክቦ ከዕዳው ለመዳን ይችላል። የጥንቱ የካሣ አሳብ በዘመናዊ ልብስ መኖሩ በዚህ ይታያል።

የተከፈለውን በደል መልሶ ለማገናኘት የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዐት ሕግ አንድ ድልድይ ሠራ። ተበዳዩ የወንጀሉ ነገር መሰማት ሲጀምር ለዚያው ችሎት ስለ ካሣው እንዲያመለክት ፈቀደለት። ዳኛው ግን ሕጉ በዘረዘራቸው ምክንያቶች ማመልከቻውን አልቀበልም ለማለት ይችላል፤ ያን ጊዜ ተበዳዩ ሌላ ክስ በሌላ ችሎት መጀመር አለበት።

ከዚያ በኋላ ሸንጎው በሌላ ስም ተመለሰ። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ የቀበሌ የፍርድ ሸንጎዎች ተቋቋሙ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአዲስ አበባ ቻርተር ደግሞ የቀበሌ ማኅበራዊ ፍርድ ቤቶች እስከ 5,000 ብር የሚደርስ የንብረትና የገንዘብ ክርክር እንዲያዩ ሥልጣን ሰጠ። በወንጀሉ በኩል የ1996 ዓ.ም. ሕግ በተራው የንብረት ማበላሸት ላይ የግል አቤቱታን መንገድ ጠበቀ። ለቅጣቱ አንድነትም የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2002 ዓ.ም. የቅጣት አወሳሰን መመሪያ አወጣ፤ በ2006 ዓ.ም. አሻሻለው።

እንግዲህ የታሪኩ አካሄድ ይህን ያሳያል። የቀድሞው ዳኛ አስቀድሞ «ባለቤቱ ምን ጐደለበት?» ይል ነበር፤ የዛሬው የወንጀል ዳኛ አስቀድሞ «አጥፊው ምን ያህል በደለ?» ይላል። ሁለተኛው ጥያቄ ንጹሑን ከጅምላ ዕዳ አድኖታል፤ ይህም ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን አጥፊው በታሰረ ጊዜ የተሰበረው የሸክላ ዕቃ አይጠገንም፤ የገባው መቀጮም ለመንግሥት እንጂ ለሻጪቱ አይደለም። በሽማግሌ ፊት ካሣ ተቀብሎ አቤቱታውን የሚተው ሰው ሕጉን እንደ ናቀ ተደርጎ መቈጠር የለበትም፤ ሕጉ በሁለት የከፈለውን እርሱ በአንድ ቀን መግጠሙ ነው።

አባቶች «በፍርድ ከሄደችው በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደችው ጭብጦዬ ትቈጨኛለች» ብለዋል። ምሳሌው የሚመዝነው የንብረቱን ዋጋ አይደለም፤ ባለቤቱ ተሰምቶ እንደ ሆነና እንዳልሆነ ነው። በገበያ ውስጥ ያለው ንብረት አብዛኛው ከበቅሎ ይልቅ ከጭብጦ የሚቈጠር ስለ ሆነ፣ የፍርድ ሥርዐታችንም ሊመዘን የሚገባው በዚሁ በትንሹ ነገር ነው። አውጫጭኝን በዐይናቸው ያዩ ሰዎች ዛሬ ጥቂት ስለሆኑ፣ ተማሪዎች የእነዚህን ሽማግሎች ቃል ከፍርድ ቤት መዛግብት ጋር እያስተያዩ ቢመዘግቡ፣ ለሕግም ለታሪክም የሚጠቅም ሥራ ይሆናል።