ባዶ የሚመስል ቤት ፤ በመርጡለ ማርያም አካባቢ ንብረትን የመሰወር ልማድ

ባለፉት መቶ ዓመታት ወደ ኢትዮጵያ የመጡ የአውሮጳ መንገደኞች የደጋውን ገበሬ ቤት በጻፉ ጊዜ አብዛኛዎቹ በአንድ ነገር ይስማማሉ ፤ ይኸውም ቤቱ ባዶ ነው የሚል ነው። አንድ የጭቃ መደብ ፣ አንድ ምድጃ ፣ ጥቂት የሸክላ ዕቃ ፣ በግድግዳው ላይ የተንጠለጠለ ጋሻ ወይም ስልቻ ፤ ከዚህ የሚያልፍ ዕቃ አላዩም። ከዚህም ተነሥተው ባለቤቱ ድኻ ነው ፣ ወይም ለቤቱ ግድ የለውም ብለው ፈረዱ። ፍርዱ በአንዳንድ የታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ሳይመረመር ሲተላለፍ ኖሯል። ነገር ግን የጎጃምን ደጋ ፣ በተለይም በዐባይ መጠምዘዣ ውስጥ የሚገኘውን የእነብሴንና የመርጡለ ማርያምን አገር ታሪክ ከቤቱ አሠራር ጋራ አስተያይቶ ለሚመለከት ሰው ፣ የቤቱ ባዶነት ራሱ የአንድ ጥበብ ውጤት መሆኑ ይገለጥለታል። ቤቱ ባዶ እንዲመስል ሆኖ የተሠራ ነው።

ንብረትን በቤት ውስጥ መሰወር በዓለም ሁሉ ያለ ነገር ነው ፤ የሚለያየው የተሰወረበት ዕቃ ነው። በ18ኛው መቶ ዓመት በራይን ወንዝ ዳር በኖይቪድ ከተማ ይሠራ የነበረው የእንጨት ሠሪ ዳቪድ ሮንትገን የሚሠራቸው የጽሕፈት ሣጥኖች ቁልፍ ሲዞር ወይም የተሰወረ ጅማት ሲነካ ድብቅ መሳቢያ የሚወጣባቸው ነበሩ ፤ በ1779 አንዱን ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለሉዊ 16ኛ ሸጦለታል (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው)። የጃፓን መርከበኞችም ገንዘብና ውል የሚያኖሩበት ሣጥን በውስጡ ሌላ ሣጥን ፣ በዚያም ውስጥ ሌላ ክፍል ያለበት ነበር። እነዚህ ሁሉ አንድ ነገር ይፈልጋሉ ፤ ይኸውም በመጋዝ የተሰነጠቀ ስስ ሳንቃና ያንን ሳንቃ ያለ ምስማር አጋጥሞ የሚገጥም እጅ ነው። ወፍራም እንጨት ምስጢር አይይዝም ፤ ድርብ ወለል ያለው ሣጥን የሚሠራው ሣጥኑ ከውጭ ሲታይ የውስጡ ጥልቀት የማይታወቅ ሲሆን ብቻ ነው።

በጎጃም ግን የእንጨት ሥራ የምሳርና የመሮ ሥራ ነበር። ዋንዛው ተቈርጦ ይጠረባል ፣ ይቦረቦራል ፤ በር ፣ በርጩማ ፣ ገበታ የሚወጣው ከአንድ ግንድ ነው። ከአንድ ትልቅ ግንድ ሁለት ወይም ሦስት ሳንቃ ብቻ በሚገኝበት አገር ፣ መሳቢያ ለመሥራት እንጨት የሚያባክን አልነበረም። ሣጥን ያለውም ሰው ቢሆን ጥቂት ነበር ፤ ሣጥኑም ወፍራም ፣ ከባድ ፣ ዐይን የሚስብ ነው። ጓጉንቸር የተንጠለጠለበት ሣጥን ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰበር ነው ፤ ንብረቱ የት እንዳለ ራሱ ይናገራልና።

ስለዚህ ምስጢሩ የተሰጠው ለእንጨቱ ሳይሆን ለጭቃው ነው። መደቡ ለመቀመጫና ለመኝታ የሚያገለግል ፣ ከድንጋይና ከጭቃ የተደለደለ ድፍን ነገር ነው። በሚሠራበት ጊዜ በሆዱ ውስጥ ገንቦ ወይም ቶፋ ቢቀመጥና አፉ በድንጋይ ቢከደን ፣ በላዩም ጭቃ ቢለሰን ፣ ከሌላው የሚለየው ምንም ምልክት የለም። የቤቱ ጌታ በገንዘቡ ላይ ይተኛል። በጓዳ የሚቆመው የእህል ጎታም እንዲሁ ነው ፤ ከጭቃና ከጭድ ተድቦልቡሎ የሚሠራ ስለ ሆነ ወፍራሙ ወለሉ ትንሽ ዕቃ ለመቅበር ይመቻል ፤ በላዩ የሚፈሰው ጤፍ ወይም ገብስ ደግሞ ሁለተኛ ክዳን ይሆነዋል። የመሶብ እግርም ውስጡ ባዶ ነው። ምድጃው አመድ ያለበት ፣ እሳት የማይጠፋበት ስለ ሆነ ከሥሩ የተቀበረውን ለማውጣት የሚፈልግ ሌባ በመጀመሪያ ፍሙን መበተን ይኖርበታል።

እዚህ ላይ አንድ ትንሽ የሚመስል ነገር ልብ ሊባል ይገባል። አዲስ የተቈፈረ መሬት ፣ አዲስ የተለሰነ ጭቃ ቀለሙ ይለያል ፤ የተሰወረውን የሚያጋልጠውም ይኸው ነው። በደጋው ቤት ግን ወለሉና መደቡ በየጊዜው በእበት ይለቀለቃል። ልቅለቃው ትቢያና ቁንጫን ለመከላከል የሚደረግ የዘወትር ሥራ ነው ፤ ሆኖም አዲሱን ከአሮጌው ጋራ አንድ የሚያደርገው እርሱ ነው። ልቅለቃው የሴት ሥራ ስለ ሆነም ፣ ባል ከሚስቱ ተሰውሮ በመደብ ውስጥ ገንዘብ ለመቅበር ከቶ አይችልም ነበር። በባላባት ታሪክ ፣ በርስት ክርክርና በግብር መዝገብ ውስጥ ስሟ እምብዛም የማይገኘው የቤት እመቤት ፣ በቤቱ ድብቅ ሀብት ላይ ግን የግድ ተካፋይ ነበረች። ጓዳው የእርሷ ነው ፤ እንግዳ ወደዚያ አይዘልቅም። ሙዳዩም ፣ ድሪውም ፣ አልቦውም የሚቀመጠው በዚያው ነው።

የሚሰወረው ነገር ጠባይም የመሰወሪያውን ዐይነት ወስኗል። አሞሌ ጨው ለብዙ ዘመን ገንዘብ ሆኖ አገልግሏል ፤ ነገር ግን ጨው እርጥበት ስቦ ስለሚሟሟ መሬት ውስጥ አይቀበርም። ከአንድ ስንዝር ብዙ የማይበልጠው አሞሌ ደረቅ ስፍራ ፣ ጢስና ሙቀት የሚደርስበት ቦታ ይፈልጋል ፤ እንዲህ ያለው ቦታ ደግሞ ከዐይን አይሰወርም። በ1780 ዓመት ምልክት የሚታተመው የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር በየገበያው ሲዛመት ግን ነገሩ ተለወጠ። ብሩ አይበሰብስም ፣ አይጥ አይበላውም ፣ የሣር ጣሪያ በተቃጠለ ጊዜም ከጭቃ በታች ያለው አይነካም። የአንዱ ክብደት 28 ግራም ያህል ነው። አንድ ሺሕ ብር ስለዚህ 28 ኪሎ ይመዝናል ፤ ተዝቆ ሲፈስ ግን መጠነኛ ገንቦ ይበቃዋል። ከባድ ሆኖ ቦታ የማይፈጅ ሀብት ለመሸሽ አይመችም ፤ ለመቅበር ግን እጅግ ይመቻል። ከገበያ የገባው ብር ከፊሉ በአንጥረኛ እጅ ቀልጦ አልቦና መስቀል ሆነ ፤ ከፊሉም ወደ ጭቃው ገባ።

ንብረቱ የሚሰወረው ከማን ነው? ከሌባ ብቻ ቢሆን ይህን ያህል ጥንቃቄ ባላስፈለገ ነበር። ጎረቤት ጎረቤቱን ያውቃል ፤ ሌብነትም በመንደር ውስጥ የሚያመጣው መዘዝ ብዙ ነው። ዋናው ፍርሀት ከወታደር ነበር። በየቤቱ የሚመደበው ተሰሪ ለቀናት ወይም ለሳምንታት በቤቱ ተቀምጦ ይቀለባል ፤ ጎታውን ያያል ፣ ከብቱን ይቈጥራል ፣ ያየውንም ለአለቃው ይናገራል። ዘመቻ ሲሆን ደግሞ የባሰ ነው። በ1888 መጨረሻና በ1889 መጀመሪያ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ለመቅጣት ሠራዊታቸውን ይዘው ጎጃምን በረገጡ ጊዜ አገሩ እጅግ ተጐዳ። እንዲህ ባለው ጊዜ ሀብታም መስሎ መታየት አደጋ ነው። ሐር የለበሰ ግድግዳ ፣ የተቀረጸ ሣጥን ፣ የተደረደረ ናስ ያለው ቤት የሚበረበረው በቅድሚያ ነው። በሐረር ቤቶች ግድግዳ ላይ የተደረደረው ስፌትና ገበቴ ለእንግዳ እንዲታይ ሆኖ የተቀመጠ ነው ፤ ሐረር ግን ግንብ ያላት ፣ ሌሊት በሮቿ የሚዘጉ ከተማ ነበረች። የጎጃም ገበሬ ግንብ አልነበረውም። ወታደሩም ቢሆን በእንዲህ ያለ ቤት ተወልዶ ያደገ ስለ ሆነ የመደቡን ነገር አያጣውም ነበር ፤ ስለዚህ መሰወር ሁልጊዜ አያድንም ፤ ፈላጊውን ያዘገያል እንጂ።

ከቤት ይልቅ የተሻለ መጠጊያ ተብሎ የሚታሰበው የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ነበር። በመርጡለ ማርያም ታሪክ ግን ይህ መጠጊያ የደረሰበትን በግልጥ ማየት ይቻላል። ደብሩ በትውፊት ከአብርሃና አጽብሓ ዘመን ጋራ የተያያዘ ነው ፤ አለቃውም ርእሰ ርኡሳን ይባላል። ዛሬ ፍርስራሹ የሚታየውን የድንጋይ ሕንጻ ያሠራችው ፣ ለልብነ ድንግል በሕፃንነቱ መንግሥቱን የጠበቀችለት እቴጌ እሌኒ ናት። ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የነበረው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ፣ እቴጌይቱ በጎጃም ስላሠራችው ቤተ ክርስቲያን ከአገሩ ሰው ከፔሮ ዳ ኮቪልያ የሰማውን ጽፏል። ኮቪልያ የመንበሩን አሠራር ለማሳየት ወደዚያ ሄዶ ነበር ፤ እንደ አልቫሬዝ ጽሑፍ መንበሩ ከእንጨት ተሠርቶ ውስጡ በወርቅ ተሞላ ፤ ጽላቱም የወርቅ ነበር።

ይህ ቃል በጥንቃቄ ሊነበብ ይገባዋል። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን መንበረ ታቦት የእንጨት ዕቃ ነው ፤ የጥንቶቹ እግር ያላቸው ትንንሽ ሣጥኖች ነበሩ ፤ ኋላም በር ያላቸው ረጃጅም መንበሮች መጡ። በውስጡ ያለውን ከካህናት በቀር ማንም አያይም። እንግዲህ በዚህ አገር በውስጡ ክቡር ነገር የሚሰወርበት የተዋጣለት የእንጨት ሥራ ከተፈለገ የሚገኘው በቤተ መቅደስ እንጂ በሰው ቤት አይደለም። ይሁን እንጂ የመንበሩ ምስጢርነት የቅድስና እንጂ የመከላከያ አልነበረም። ወርቁ መኖሩን ፖርቱጋላዊው እንግዳ እንኳ ሰምቶታል። በ1530ዎቹ የግራኝ አሕመድ ጦር ጎጃም በደረሰ ጊዜ ቤተ ክርስቲያኑ ተዘረፈ ፣ ተቃጠለም። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ኢየሱሳውያን በተለይም ጣሊያናዊው ብሩኖ ብሩኒ ሊያድሱት ሞከሩ ፤ ዐፄ ፋሲለደስ እነርሱን ካስወጡ በኋላ ሥራው ቀረ። በግንቡ ላይ የተቀረጸው ጽጌ ረዳ እስከ ዛሬ ይታያል ፤ በውስጡ የነበረው ወርቅ ግን የለም።

የሆነ ሆኖ ሕዝቡ ዕቃ ቤቱን ማመኑን አልተወም። ገበዙ የሚጠብቀው ቤት የእግዚአብሔር ነው ፤ ከዚያ የሚሰርቅ ውግዘት አለበት። ለደብሩ የተሰጠው ንዋየ ቅድሳት በወንጌሉ ባዶ ገጾች ላይ ስለሚጻፍም ፣ ዕቃው ቢጠፋ መጠየቂያ አለ። ውግዘቱ ግን ተራውን ሌባ ያግድ ይሆናል እንጂ ንጉሥን አላገደም ፤ ዐፄ ቴዎድሮስ በ1866 የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት በዘረፉ ጊዜ የተገኘው ሀብት ወደ መቅደላ ተጓዘ ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ከዚያ በእንግሊዝ ጦር እጅ ወደቀ። በአንድ ስፍራ የተከማቸ ሀብት በአንድ ቀን ይወሰዳል። በሺሕ መደብ ውስጥ የተበተነው ግን ሺሕ ቤት ማፍረስን ይጠይቃል። ገበሬው ይህን በመጽሐፍ አልተማረውም።

መቅበር የራሱ ችግር አለበት ፤ የቀበረው ሰው በድንገት ቢሞት የተቀበረው ከእርሱ ጋራ ይቀራል። ለዚህ የተገኘው መፍትሔ ሰው ነበር። በሞት አፋፍ ያለ ሰው የነፍስ አባቱን አስጠርቶ ኀጢአቱን ይናዘዛል ፤ በዚያው ቃልም ንብረቱን ይናዘዛል። ኑዛዜ የሚለው ቃል ሁለቱንም መያዙ ያለ ምክንያት አይደለም። የተሰወረውን ገንዘብ ስፍራ የሚያውቁት እመቤቲቱና የነፍስ አባቱ ከሆኑ ፣ ምስጢሩ በሁለት ቁልፍ እንደ ተዘጋ ሣጥን ነው። አደራ በላ የሚለው ስድብ ከባድ የሆነውም ስለዚህ ነው ፤ አደራው ጽሑፍ የሌለው ፣ ምስክሩም አንዳንድ ጊዜ ሟቹ ብቻ ነበርና። ሳይናዘዙ የሞቱ ሰዎች ገንዘብ ጠባቂ መንፈስ ያድርበታል የሚለው እምነትም ከዚሁ የመጣ ይመስላል ፤ ያለ ባለቤት የሚቀር ነገርን አእምሮ አይወድምና።

በ20ኛው መቶ ዓመት ነገሩ ቀስ በቀስ ተለወጠ። የአቢሲኒያ ባንክ በ1905 ቢመሠረትም ለመርጡለ ማርያም ገበሬ ሩቅ ነበር። በጣሊያን ወረራ ዘመን የሚሰወረው ብር ብቻ ሳይሆን ጠመንጃም ሆነ ፤ በ1937 ጎጃም ሲሸፍት አንዱ ምክንያት ጣሊያኖች ሕዝቡን ትጥቅ ለማስፈታት መነሣታቸው ነበር። ወጨፎና ምንሽር ግን ከ1 ሜትር በላይ ስለሚረዝሙ በገንቦ አይገቡም ፤ መደቡ ለብር እንጂ ለመሣሪያ አልተሠራም። በ1945 የኢትዮጵያ ብር በወረቀት ታትሞ ሲወጣ ደግሞ የጥንቱ ጥበብ ጨርሶ ዋጋ አጣ። ወረቀት በመደብ ውስጥ ይሻግታል ፤ በጣሪያ ሥር አይጥና እሳት ያገኘዋል። የግብር ደረሰኝም እንዲሁ ነው ፤ በርስት ክርክር ጊዜ ከብር ይልቅ የሚከብረው እርሱ ነበር። የቆርቆሮ ሣጥን ከነጓጉንቸሩ ወደ ገበሬው ቤት የገባው በዚህ ምክንያት ነው ፤ ምስጢሩ ተትቶ ቁልፉ መጣ።

በአሮጌው መደብ የቀረው ገንዘብ አሮጌ ቤት ሲፈርስ ሊገኝ ይችላል። የ1960ው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከ50 ዓመት ያላነሰ ጊዜ ተሰውሮ የቈየና ባለቤቱ የማይታወቅ ሀብት ፣ የተገኘበት ነገር ባለቤት ለሆነው ሰው እንዲሆን ፣ በአጋጣሚ ያገኘው ሰውም የዋጋውን እኩሌታ እንዲያገኝ ይደነግጋል። ሕጉ ሲወጣ ቤቱም መሬቱም የአንድ ባለርስት ሊሆን ይችል ስለ ነበር ጥያቄው ቀላል ነበር። በ1975 የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ከሆነ ወዲህ ግን ገንቦው በመደቡ ሆድ ውስጥ መገኘቱና ከምድጃው ሥር በመሬቱ ውስጥ መገኘቱ አንድ አይደለም ፤ መደቡ የቤቱ አካል ነው ፣ ከምድጃው በታች ያለው ግን መሬት ነው።