የአሥር ልጆች ንባብና የምርኮኛው ነፃነት

ማንበብና መጻፍ የእያንዳንዱ ሰው ሐቅ ነው ስንል ምን ማለታችን ነው? መልሱን ከታሪክ እንፈልግ።

በ2ኛው ዓመተ ሂጅራ በበድር ዘመቻ ሰባ ያህል ቁረይሾች ተማርከው መዲና ገቡ። ብዙዎቹ ፊድያ እየከፈሉ ተለቀቁ። ገንዘብ አጥተው ጽሕፈት የሚያውቁትን ግን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የአንሷር ልጆችን እንዲያስተምሩ አደረጉ። ኢብኑ ሰዕድ «ጦበቃት» በተሰኘው ኪታባቸው እንደዘገቡት፣ ለአንዱ ምርኮኛ አሥር ልጆች ይሰጡታል፤ ልጆቹ ጽሕፈቱን ጠንቅቀው ሲያውቁ ፊድያው ያ ይሆንለታል። ኋላ ቁርኣንን የመሰብሰብ አደራ የተሰጠው ዘይድ ኢብኑ ሣቢት (ረ.ዐ) ከእነዚያ ተማሪዎች አንዱ ነበር።

ውሉን ልብ እንበለው። ምርኮኛው ነፃ የሚወጣው ልጆቹ ስለተመዘገቡ ወይም ወራት ስለተቆጠሩ ሳይሆን ስለቻሉ ነው። መቻላቸውን ለማወቅ ደግሞ አሥሩንም አንድ በአንድ መፈተን ግድ ይላል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሚሊዮኖችን አስተምሯል፤ እ.ኤ.አ. በ1980 የዩኔስኮን ሽልማት አስገኝቷል። ታላቅ ሥራ ነበር። ሆኖም የምስክር ወረቀት መቁጠርና አንባቢ መቁጠር ይለያያሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ሁለተኛ ደረጃ ያልደረሱ ሰዎች ካርድ ላይ የተጻፈ ዐረፍተ ነገር እንዲያነቡ ተደረገ። ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ማንበብ የሚችሉት ከመቶ ወንዶች 69፣ ሴቶች ግን 42 ብቻ ሆነው ተገኙ። ሐፍሷን (ረ.ዐ) ጽሕፈት ያስተማረቻት ሴቷ ሶሐባ አሽ-ሺፋእ ቢንት ዐብዱላህ (ረ.ዐ) እንደነበረች እያወቅን፣ እህቶቻችን ወደኋላ መቅረታቸው ሊያሳስበን ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣው ሁለንተናዊ የሰብአዊ መብቶች መግለጫም በ26ኛው አንቀጹ ትምህርትን የሁሉም ሰው መብት አድርጎታል። መብቱ የሚሟላው ግን በቤታችንና በመድረሳችን ነው። ልጃችን ምዕራፉን በቃሉ ስለወጣው ብቻ ያነባል ብለን አንዘናጋ። ከዚህ በፊት ያላየውን መስመር እናስነብበው። ኡስታዞቻችንም በደብተራቸው ከስም ጥሪው ጎን ማን የትኛው ፊደል ላይ እንደተቸገረ ይመዝግቡ፤ የሚቀጥለውን ትምህርት ከዚያ ይጀምሩ። መዝገቡ ልጅን ማሸማቀቂያ ሳይሆን የማን ሐቅ እንደተጓደለ ማወቂያ ይሁን።

ከአሥሩ ዘጠኙ ቢያነቡ፣ የአሥረኛው አደራ ገና በትከሻችን ላይ ነው። አላህ (ሱ.ወ) አደራችንን ከሚወጡት ያድርገን። አሚን።