በደቡብ ምዕራብ የቡና ምድር ጥንታዊ የብር ጌጣጌጦችና የቤት ዕቃዎች አሰባሰብና አያያዝ

ሚዛን ተፈሪ፣ በአሁኑ የአስተዳደር ስያሜ ሚዛን አማን፣ የቤንች ሸኮ ዞን ዋና ከተማ ናት። ከተማዋ፣ ቴፒና በዙሪያቸው ያለው አካባቢ በተፈጥሮ ደን፣ በቡና፣ በቅመማ ቅመምና በማር ይታወቃሉ። በነዋሪዎች ቤት የሚገኙት ጥንታዊ የብር ጌጣጌጦችና የቤት ዕቃዎች ግን የዚያኑ ያህል ትኩረት አላገኙም። እነዚህ ቁሶች በክብደታቸው ተሽጠው ሲቀልጡ ወይም ያለ መረጃ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፉ ብሩ አይጠፋም፤ የሚጠፋው ታሪኩ ነው። በመሆኑም ቅርስን የመሰብሰብ ተግባር ከዕቃው እኩል መረጃውን መያዝን ይጠይቃል።

የብሩ ምንጭ

በአገራችን ከሚገኙት ጥንታዊ የብር ጌጣጌጦች አብዛኞቹ የተሠሩት አንጥረኞች ጠገራ ብር እያቀለጡ ነው። ጠገራ ብር የኦስትሪያዋን ገዥ የማሪያ ቴሬዛን ምስል የያዘ ሳንቲም ሲሆን፣ 28 ግራም ያህል ይመዝናል። ከዚህ ውስጥ 23.4 ግራም ያህሉ ንጹሕ ብር ነው። የአገራችን ገንዘብ መጠሪያ የሆነው «ብር» የሚለው ቃል ራሱ ከዚሁ ማዕድን የመጣ ነው።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የራሳቸውን ምስል የያዘና የ1887 ዓ.ም. ቀን የተጻፈበት ብር በፓሪስ ቢያስቀርጹም፣ ጠገራው ከገበያ አልወጣም። ቡና፣ የዝሆን ጥርስና ሰም ከደቡብ ምዕራብ ወደ ጅማና ወደ ጎሬ ሲጓዙ፣ ከዚያም በጋምቤላ በኩል ወደ ሱዳን ሲሻገሩ ክፍያው በአብዛኛው በጠገራ ይፈጸም ነበር። መገበያያነቱ ያበቃው በ1937 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ነው።

የቁሶቹ ዓይነት

ከብር ከተሠሩት መካከል የአንገት መስቀል፣ ድሪ፣ አምባር፣ ጉትቻ፣ ቀለበት፣ ወለባ፣ የጆሮ ኩክ ማውጫና የክታብ መያዣ ይገኛሉ። በአካባቢው ባለሙያዎች እጅ የተሠሩት ደግሞ ከነሐስ፣ ከመዳብና ከብረት የተዘጋጁ አምባሮች፣ የቀንድ ዋንጫዎች፣ በርጩማዎች፣ የእንጨት ትራሶች፣ ቅሎችና የሸክላ ዕቃዎች ናቸው።

ለቡና መጠጫና ማፍያ የሚያገለግሉት ጀበና፣ ሙቀጫ፣ ዘነዘና፣ ረከቦትና የዕጣን ማጨሻ የተለየ ቦታ ሊሰጣቸው ይገባል። ከቡና ቅጠል የሚዘጋጀው «ጨሞ» የተባለው የአካባቢው መጠጥ የሚቀርብባቸው ቅሎችም ከዚሁ ይመደባሉ። በገበያ ከፍተኛ ዋጋ የማያወጡ ቢሆኑም የቡና መገኛ የሆነው ሕዝብ ቡናን በቤቱ እንዴት ይጠቀም እንደነበር የሚያስረዱት እነርሱ ናቸው።

አንጥረኞች፣ ሸክላ ሠሪዎችና ቆዳ ፋቂዎች ለረጅም ዘመን ሲናቁና ሲገለሉ በመኖራቸው የአብዛኛው ዕቃ ሠሪ ስም አልተመዘገበም። ዕቃውን የሠሩ ወይም ሲሠራ ያዩ አረጋውያን በሕይወት እያሉ ቃላቸውን መያዝ ይህን ክፍተት በከፊል ይሞላል።

ዕድሜን ስለ መለየት

ጠገራ ብር ላይ «1780» የሚል ቁጥር መታየቱ ሳንቲሙ የዚያ ዘመን መሆኑን አያረጋግጥም። ማሪያ ቴሬዛ በዚሁ ዓመት (እ.ኤ.አ.) ካረፉ በኋላ ሳንቲሙ ቀኑ ሳይለወጥ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደን፣ በቦምቤይና በሌሎችም ከተሞች ሲቀረጽ ቆይቷል። ስለዚህ የአንድን ጌጥ ዕድሜ ለመገመት የአሠራሩን ስልት፣ የአለባበስ መጎሳቆሉንና ከሁሉም በላይ የባለቤቶቹን ትውልድ ቅደም ተከተል ማገናዘብ ያስፈልጋል። የአንጥረኛ ሚዛን የሚለካው የማዕድኑን መጠን ብቻ ነው፤ የአያት ጌጥና ትናንት የተሠራ አምባር እኩል ከመዘኑ በሚዛኑ ላይ ልዩነት የላቸውም።

ሕጉ ምን ይላል?

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 9 መንግሥት ባህላዊና ታሪካዊ ቅርሶችን የመጠበቅ ኃላፊነት እንዳለበት ይደነግጋል። አንቀጽ 91 ደግሞ ይህን ግዴታ በዜጎችም ላይ ይጥላል።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ በመንግሥት ወይም በግል ባለቤትነት ሊያዝ እንደሚችል አመልክቷል። በእጁ ቅርስ የሚገኝ ሰው ቅርሱን የማስመዝገብና በአግባቡ የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ ባለቤትነቱን ወደ ሌላ ከማስተላለፉም በፊት ማሳወቅ ይኖርበታል። ያለ ፈቃድ ቅርስን ከአገር ማውጣትና ለንግድ ዓላማ ቅርስ መግዛትና መሸጥም በአዋጁ ተከልክሏል። ጉዳዩን በፌዴራል ደረጃ የሚከታተለው መሥሪያ ቤት በአሁኑ ወቅት የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ይባላል።

የምዝገባን ጥቅም የከፋ ዘውድ ታሪክ ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ1897 የከፋ ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ከተማረኩ በኋላ ዘውዱ ከአገር ወጥቶ ለአሥርተ ዓመታት በስዊዘርላንድ ቆይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹም ተመልሷል። ዘውዱ የማን እንደሆነና እንዴት እንደወጣ የታወቀ ነበር። ስም፣ ቦታና ባለቤት ያልተጻፈለት አምባር ግን ቢወጣ የሚጠይቅለት አይኖርም።

አያያዝ

ብር የሚጠቁረው በአየር ውስጥ ካለው የድኝ ውሁድ ጋር ሲዋሃድ ሲሆን፣ እርጥበት ይህን ያፋጥነዋል። አካባቢው ከፍተኛ ዝናብ የሚያገኝ በመሆኑ የሚከተሉትን ጥንቃቄዎች ማድረግ ይገባል፦

- ብርን በአመድ፣ በአሸዋ ወይም በሎሚ አለመፈተግ፤ እያንዳንዱ ፍተጋ ከላዩ ቅርጽ ላይ ስለሚቀንስ በደረቅና ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ መወልወል ይበቃል፤
- በጎማ፣ በሱፍ ወይም በጋዜጣ አለመጠቅለል፤
- የእንጨትና የቀንድ ዕቃዎችን ከመሬት ከፍ አድርጎ፣ ከነቀዝና ከሻጋታ እየተከላከሉ ነፋሻ ቦታ ማስቀመጥ፤
- የተሰበረን ዕቃ በብየዳ ወይም በሙጫ ለመጠገን አለመቸኮል።

የመዝገብ ይዘት

ለአንድ ቁስ የሚያስፈልገው ቅጽ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። የዕቃው ስም በአማርኛና በአካባቢው ቋንቋ፣ መጠንና ክብደቱ፣ የተሠራበት ቁስ፣ የሠሪው ስምና መንደሩ፣ የባለቤቶቹ ቅደም ተከተል፣ አገልግሎቱ፣ የሚገኝበት ሁኔታ፣ ፎቶግራፉና መረጃውን የሰጠው ሰው ስም ከተጻፉበት በቂ ነው። ይህን ለመጀመር የሙዚየም ሕንፃ መጠበቅ አያሻም። የወረዳና የቀበሌ የባህል ባለሙያዎች ዕቃው በባለቤቱ ቤት እንዳለ ሊመዘግቡት ይችላሉ፤ ባለቤቱም መዝገቡ ዕቃውን ለመውረስ ሳይሆን ለመጠበቅ የተዘጋጀ መሆኑ አስቀድሞ ሊገለጽለት ይገባል።