ሉሕና ብርዕ በቦረናና በሳይንት

ከመካነ ሰላም ወዲያና ወዲህ፣ በቦረና፣ በወግዲና በሳይንት ደጋ፣ የቆሎ ተማሪው ዳዊቱን በሚደግምበት አገር ደረሳውም፣ ማለትም የቁርኣን ተማሪው፣ ሉሑን (የእንጨት መጻፊያ ሰሌዳውን) ታቅፎ የተመሰገነ ሸኽ ፍለጋ ከቀዬ ወደ ቀዬ ሲሻገር መኖሩ፣ ሁለቱም የአንድ ባላገር ምጽዋት እየተመገቡ አንዱ በግእዝ ሌላው በዓረብኛ መድከማቸው፣ የወሎን የትምህርት ታሪክ የሚጽፍ ሰው ሊዘነጋው አይገባም።

ደረሳው መማሪያውን የሚያዘጋጀው ራሱ ነበር። ከጥላሸት ቀለም በጥብጦ፣ ከመቃ ብርዕ ቀርጾ፣ የዕለቱን ምንባብ በሉሑ ላይ ይጽፋል፤ በቃሉ ሲይዘውም አጥቦ ሌላ ይጽፍበታል። ቁርኣኑን አክትሞ ኪታብ መቅራት ሲጀምር፣ የነሕው (የዓረብኛ ሰዋስው) መግቢያ የሆነችውን አጁሩሚያን በእጁ ገልብጦ፣ የቤተ ክርስቲያን መምህር አንድምታውን እንደሚያወርድ ሸኹም ዓረብኛውን ቃል በቃል በአማርኛ ሲፈታለት በኅዳጉ ያሰፍራል፤ ቁርኣን በ1961 ዓ.ም. በአማርኛ ታትሞ እስኪወጣ ድረስ የትርጓሜው ማኅደር በአብዛኛው የሸኹ ልቡናና እንዲህ ያለው ኅዳግ ነበር። ማታ ደረሶቹ ለሙጣለዓ፣ ማለትም ትምህርቱን አብረው ለመከለስ፣ ተሰብስበው፣ የበረታው የደከመውን እየደገፈ፣ ስለ ፋዒልና ስለ መፍዑል (ስለ ባለቤትና ስለ ተሳቢ) ይከራከራሉ።

ተማሪ ዕውቀትን አስቀድሞ በያዘው ላይ ራሱ ይገነባል የሚለውን ሐሳብ ዣን ፒያዤና ሌቭ ቪጎትስኪ በ20ኛው መቶ ዘመን ሲያብራሩት፣ የወሎ ሐሪማ፣ ደረሶቹ የሚማሩበት የሸኹ ቤት፣ ግማሹን በሥራ ያውቀው ነበር ብል ማጋነን አይመስለኝም። ግማሹን ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሕፃኑ ምሥጢሩ ሳይገለጽለት ለዓመታት በቃል ያጠናል፤ ነሕው ሲደርስም ምሳሌው ዘይድ ዓምርን መታ የሚለው ነው፤ በግ ጠባቂው የቦረና ልጅ ግን ዘይድንም ዓምርንም አያውቃቸውም።

ሌላውን ግማሽ የሞላው መንዙማው፣ በዜማ የሚባለው መንፈሳዊ ግጥም፣ ነው። በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ማግሥት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የወሎ ሙስሊሞች ክርስትና እንዲነሡ ባዘዙ ጊዜ፣ የወረ ሂመኖው መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ሲባሉ፣ አሻፈረኝ ብለው የተነሡት ሸኽ ጦልሓ ቢን ጃዕፈር በዓረብኛ ፊደል አማርኛ ይጽፉ ነበር፤ እንዲህ ያለው የመንዙማ ድርሰትም በየዱዓው እየተዜመ ሐሪማ ያልረገጡትን እናቶች ሳይቀር ከዓረብኛ ቃል አላመዳቸው።

እንግዲህ ዛሬ በመካነ ሰላም የዓረብኛ መማሪያ የሚያዘጋጅ ሰው ዘይድንና ዓምርን ጥቂት ያቆያቸውና ልጁ ከቤቱ ይዟቸው ከሚመጣቸው የዓረብኛ ቃላት፣ ከሰደቃውና ከኸይሩ፣ ይጀምር፤ ዐይን፣ ነፍስና ቤት በግእዝና በዓረብኛ ዘመዳሞች መሆናቸውን ለማሳየትም የደብሩ መምህር ቢጠየቁ እምቢ የሚሉ አይመስለኝም።